«ድሮን» የሚለው ስምና የመሣሪያው ክፍሎች አሰያየም

በጎንደር ከተማ የጥምቀት በዓል በሚከበርበት ዕለት፣ በአፄ ፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ከተሰበሰበው ሕዝብ ራስ በላይ አራት መቅዘፊያ ያላት አነስተኛ መሣሪያ በአየር ላይ ቀጥ ብላ ቆማ ፎቶግራፍ ስታነሣ ማየት በቅርብ ዓመታት የተለመደ ሆኗል። ውሃው ተባርኮ ጎረምሶች ወደ ውስጡ ሲወረወሩ ከላይ ወደ ታች የሚያሳየው ሥዕል የሚገኘው ከእርሷ ነው። ስሟ «ድሮን» ይባላል። ከከተማይቱ ተነሥተን በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ ደጋ ስንወጣም ይኸው ቃል ይጠብቀናል፤ ዳሩ ግን በዚያ የሚሰየምበት ነገር ሌላ ነው። ድምፁ እንጂ አካሉ እምብዛም የማይታይ፣ ለብዙ ሰዓት በሰማይ የሚዞር፣ ፈንጂ የሚጥል አውሮፕላን ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በተካሄደው ጦርነት ምክንያት ለብዙው የገጠር ሰው «ድሮን» ማለት ይህ ሁለተኛው ነው።

እንግዲህ አንድ ተርጓሚ «በገበያው ላይ ድሮን ታየ» የሚል ዐረፍተ ነገር ቢቀርብለት ምን ብሎ ይተረጉመዋል? ሠርግ የሚያነሣ ካሜራ መጣ ማለት ነው ወይስ ሰው ይሽሽ ማለት ነው? አማርኛው ለሁለቱም አንድ ስም ስለ ሰጠ ዐረፍተ ነገሩ ራሱ አይነግረንም። ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚህ ችግር ነው። አንድን ዕቃ ለመሰየም አስቀድሞ አሠራሩን ማወቅ ይገባልና፣ መሣሪያው እንዴት እንደሚበር በተቻለ መጠን እያስረዳን ለየክፍሎቹ ሊሰጡ የሚገባቸውን ስሞች እግረ መንገዳችንን እንመረምራለን።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ አመጣጥ ጥቂት እንበል። «ድሮን» በእንግሊዝኛ የወንድ ንብ ስም ነው። እንግሊዞች በ1935 እ.ኤ.አ. ለፀረ አውሮፕላን ተኳሾች መለማመጃ የሚሆን፣ ከምድር በሬዲዮ የሚታዘዝ አውሮፕላን ሠርተው «ኩዊን ቢ»፣ ማለትም ንግሥተ ንብ አሉት። አሜሪካውያን ተመሳሳዩን ሲሠሩ ለእንግሊዞቹ ንግሥት አጸፋ ይሆን ዘንድ «ድሮን» እንዳሉት ይነገራል። የእኛ ንብ አርቢ ግን ለዚህ ቤተሰብ የቆየ የራሱ ስም አለው፤ እንግሊዞቹ ንግሥት የሚሏትን እርሱ «አውራ» ይላታል፤ ወንዱን ደግሞ «ድንጉላ» ይለዋል። ስለዚህ ቃል በቃል እንተርጉም ብንል አውሮፕላኑ «ድንጉላ» ሊባል ነው። ድንጉላ ያልተኮላሸ ፈረስም ስለሆነ ሰሚው መሣሪያውን ሳይሆን በረቱን ያስባል። በተጨማሪም ወንዱ ንብ መውጊያ የለውም፤ ይህን ስም ለታጠቀ አውሮፕላን መስጠት በሁለቱም ቋንቋ ትንሽ ያስቃል። ቃል በቃል መተርጐም የማያዋጣበት አንዱ ምሳሌ ይህ ነው፤ የባዕዱን ስም እንዳለ መቀበሉ ይሻላል።

የተቀበልነውም ስም ያለ እንከን አይደለም። «ድሮ» ብለን ያለፈውን ዘመን እንጠራለን፤ ተሳቢ ሲሆን «ድሮን» ይሆናል። «ድሮን ማስታወስ» የሚል ሐረግ ከዐውዱ ተነጥሎ ሲነበብ ያለፈውን ዘመን ይሁን መሣሪያውን መለየት አይቻልም። በንግግር ግን ዐውዱ ስለሚያስረዳ ቃሉ ሕዝብ ውስጥ ገብቶ ሥር ሰዷል፤ «ድሮኖች»፣ «ድሮኑ»፣ «በድሮን» እየተባለ እንደ ማናቸውም የአማርኛ ስም ይረባል። የሕዝብ አፍ የተቀበለውን ቃል የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሊነቅለው አይችልም፤ መነሻችን ይህ ነው።

አሁን ወደ መሣሪያው እንመለስ። ትንሿን፣ በጥምቀት የምናያትን፣ እንውሰድ። አካሏ ከመካከል የሚወጡ አራት ክንዶች አሉት፤ በየክንዱ ጫፍ ሞተር፣ በየሞተሩ ላይ በእንግሊዝኛ ፕሮፔለር የሚባለው አለ። ለዚህ ክፍል «መቅዘፊያ» የሚለውን ቃል እንመርጣለን። በጎርጎራ ዳርቻ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ውሃውን ወደ ኋላ ሲገፋ ውሃው ታንኳውን ወደ ፊት ይገፋዋል። የድሮኗም መቅዘፊያ አየሩን ወደ ታች ሲገፋ አየሩ በአጸፋው መቅዘፊያውን ወደ ላይ ይገፋል፤ ያ ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል ከጠቅላላ ክብደቷ ሲበልጥ ድሮኗ ከምድር ትነሣለች፤ እኩል ሲሆን በአየር ላይ ትቆማለች፤ ሲያንስ ትወርዳለች። «ቀዘፈ» ለወፍ ክንፍም የሚነገር ግሥ ስለሆነ ቃሉ ከውሃ ወደ አየር ለመሻገር አዲስ ድልድይ አያስፈልገውም። አንዳንድ ጽሑፎች «ማራገቢያ» ማለታቸው ትክክል አይመስለንም። ማራገቢያ ሰውን ወይም ፍሙን ያራግባል እንጂ ያራገበውን ነገር ተሸክሞ አይነሣም።

መቅዘፊያው ጠፍጣፋ እንጨት አይደለም። ቅርጹን ቀርበው ሲያዩት እንደ ወፍ ክንፍ በላይ በኩል ጎበጥ ያለ፣ ከሥሩ እስከ ጫፉ የተጠማዘዘ ነው። በመሠረቱ እየዞረ የሚሄድ ትንሽ ክንፍ ነው ብንል አልተሳሳትንም። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ ላይ የሁለቱን ድሮኖች ልዩነት ስንናገር ያስፈልገናል።

ሞተሩን «ሞተር» እንለዋለን፤ ሌላ ስም መፈለግ ድካም ነው። መቅዘፊያው የሚሰካበትን ቀጭን ብረት ግን «እንዝርት» ብንለው መልካም ይሆናል። በየደጋው ቤት ጥጥ የምትፈትል ሴት እንዝርቷን ስታሾር፣ በአንድ ቀጥተኛ ዘንግ ዙሪያ በፍጥነት የሚሽከረከር ነገር ምን እንደሆነ ከማንኛውም መጽሐፍ በላይ ታሳያለች። ዛሬ በእነዚህ ድሮኖች ላይ የሚገጠሙት ሞተሮች ብሩሽ የሌላቸው ናቸው። የመዳብ ጥቅሉ ባለበት ይቆማል፤ ማግኔቶቹ የተለጠፉበት ቆብ በዙሪያው ይዞራል። እርስ በርሱ የሚፋተግ ብሩሽ ስለሌለው ዕድሜው ይረዝማል፤ ኃይልም ይቆጥባል።

ስለ መቅዘፊያዎቹ ቁጥር የሚጠይቅ አይጠፋም። ለምን አራት ሆኑ? ሞተሩ መቅዘፊያውን ወደ ቀኝ ሲያዞር መቅዘፊያው በአጸፋው የድሮኗን አካል ወደ ግራ ሊያዞር ይታገላል። ሄሊኮፕተር ይህን የሚቋቋመው በጅራቱ ላይ በተተከለች ትንሽ መቅዘፊያ ነው። ባለ አራቷ ግን ሁለቱን መቅዘፊያዎች ወደ ቀኝ፣ ሁለቱን ወደ ግራ ታዞራለች፤ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚዞሩትም በአንጻር ለአንጻር ክንዶች ላይ የተቀመጡት ናቸው። እንዲህ ሲሆን የአንዱ ጥንድ ትግል የሌላውን ይሽራል። በጥገና ጊዜ ግን አንዱን መቅዘፊያ በሌላው ቦታ የሰካ ሰው ድሮኗ ከመነሣቷ በፊት ተገልብጣ ስትወድቅ ያያል። ስለዚህ በአማርኛ መመሪያ ውስጥ «ቀኝ ዟሪ» እና «ግራ ዟሪ» የሚሉት ስሞች በጥንቃቄ መለየት አለባቸው፤ «ቀኝ መቅዘፊያ» ካልነው አንባቢው የቀኝ ክንድ መቅዘፊያ ይመስለዋልና።

ኃይሉን የሚሰጠው ባትሪ ነው። በዚህ ቃል ላይ አንድ የቆየ ግርታ አለ። በሕዝብ አነጋገር «ባትሪ» የእጅ መብራቱ ነው፤ ውስጡ የሚገባው ደግሞ «የባትሪ ድንጋይ» ይባላል። የድሮኗ ባትሪ በአብዛኛው ከሊቲየም የተሠራ ሲሆን በውስጡ ተያይዘው የተቀመጡ ክፍሎች አሉት፤ የእያንዳንዱ ክፍል መደበኛ ጉልበት 3.7 ቮልት ያህል ነው፤ ሦስቱ በተከታታይ ሲያያዙ 11.1 ቮልት ይሰጣሉ። እነዚህን ክፍሎች «ሕዋስ» ብለው የሚተረጉሙ አሉ። ሕዋስ የሕያው አካል ነው፤ ከባትሪ ጋር የሚያዛምደው የእንግሊዝኛው ቃል አንድ መሆኑ ብቻ ነው። «ድንጋይ» የሚለው የሕዝብ ቃል ምንም እንኳ ድንጋይ ባይሆን ከዚህ ይሻላል፤ ማንም ባለ ሱቅ ይገባዋል።

አሁን ተርጓሚን ይበልጥ ወደሚያስቸግረው ክፍል ደርሰናል። በእንግሊዝኛ ኮንትሮለር በሚል አንድ ቃል የሚጠሩ ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች በአንድ ድሮን ላይ ይገኛሉ። አንደኛው በአብራሪው እጅ ያለው ነው። ሁለተኛው በድሮኗ ሆድ ውስጥ የተቀመጠ፣ ሚዛንዋን የሚጠብቅ ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ ነው። ሦስተኛው ከባትሪው ወደ እያንዳንዱ ሞተር የሚሄደውን ኃይል የሚመጥን ሲሆን ለአራት ሞተር አራት ይሆናል። ሦስቱንም «መቆጣጠሪያ» ያልን እንደሆነ «መቆጣጠሪያው ከመቆጣጠሪያው ትእዛዝ ሲደርሰው ለመቆጣጠሪያዎቹ ያስተላልፋል» የሚል ዐረፍተ ነገር ልንጽፍ ነው። ይህን ያነበበ ባለሙያ መመሪያውን ዘግቶ ወደ እንግሊዝኛው ቢመለስ አይፈረድበትም።

በእኛ አስተያየት አብራሪው የሚይዘው፣ ሕዝቡ ለቴሌቪዥኑም እንደሚለው፣ «ሪሞት» ይባል። በሆድ ያለው ሰሌዳ «ሚዛን ጠባቂ» ይባል። ሦስተኛው «ኃይል መጣኝ» ይባል፤ መጠነ ማለት እንደሚበቃው አድርጎ መስጠት ነውና ሥራውን በትክክል ይገልጻል። «ኃይል መጣኝ» ለጆሮ ጥቂት የከበደ መሆኑን እናውቃለን። ሆኖም ከ«የኤሌክትሮኒክ ፍጥነት መቆጣጠሪያ» ያጥራል፤ ከዚህም በላይ በፍጥነት ላይ ሳይሆን በሚሰጠው ኃይል ላይ ማተኰሩ እውነቱን ያንጸባርቃል፤ ፍጥነቱ የኃይሉ ውጤት ነው።

የሚዛን ጠባቂው ሥራ ከሁሉ የሚያስደንቅ ነው። ባለ አራት መቅዘፊያ ድሮን ለራሷ ከተተወች አንዲት ሰከንድ እንኳ ቀጥ ብላ መቆም አትችልም፤ ጥቂት ነፋስ ሲነካት ትጋደላለች፤ የተጋደለች ደግሞ ይበልጥ ትጋደላለች። በሰሌዳው ላይ የመዞርን ፍጥነት የሚለካ ጋይሮስኮፕ፣ የእንቅስቃሴን ለውጥ የሚለካ ሌላ መሣሪያ፣ እንዲሁም ከፍታን የሚያሳውቅ የአየር ግፊት መለኪያ አለ። ሚዛን ጠባቂው እነዚህን በሰከንድ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ያነባል፤ በጠመመች ቁጥር አንዱን ሞተር ያፈጥናል፣ ሌላውን ያዘገያል። ከሳተላይት ቦታን የሚያሳውቀው ጂፒኤስና ሰሜንን የሚያመለክተው ኮምፓስ ሲጨመሩ ድሮኗ ማንም ሳይነካት በአንድ ነጥብ ላይ ትቆያለች። በሰሜን ተራሮች ግን ለኮምፓሱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አለቱ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከፈሰሰ እሳተ ገሞራ የተገኘ ባዛልት ነው፤ እንዲህ ያለው አለት የማግኔትነት ጠባይ ስላለው ቅርብ ሲሆን መርፌውን ሊያሳስት ይችላል።

ድሮኗ በሦስት መንገድ ትነቃነቃለች። ለእነዚህ ሦስት ንቅናቄዎች በፈረንጅ ቋንቋ ሦስት የማይለዋወጡ ስሞች ተሰጥተዋል፤ እኛ ግን እስካሁን በየመመሪያው የተለያየ ቃል እናነባለን። ቃሎቹ ሩቅ አልነበሩም። አፍንጫዋን ወደ ታች ስትደፋና መልሳ ስታነሣ «ጎንበስ ቀና» አለች እንላለን፤ አማርኛችን ይህን ሐረግ ለሰው አድርጎ ሲያቆየው ለዚህ ሥራ ያዘጋጀው ይመስላል። ወደ ጎን ስታዘነብል «አጋደለች» እንላለን። በቅሎ የጫነ የደጋ ሰው የአንዱ ጎን ጭነት ሲከብድ «ጭነቱ አጋደለ» ብሎ እንደሚጮኸው ማለት ነው። ባለችበት ቆማ ፊቷን ወደ ሌላ አቅጣጫ ስትመልስ «ዞረች» እንላለን፤ ስሙንም «ዙረት» ብንለው እንስማማለን። ወደ ፊት ለመሄድ የኋላዎቹን ሁለት መቅዘፊያዎች ታፈጥናለች፤ ጎንበስ ትላለች፤ ወደ ላይ ብቻ ይገፋ የነበረው ኃይል ጥቂቱ ወደ ፊት ይገፋታል። ለዙረት ደግሞ ቀኝ ዟሪዎቹን አፍጥና ግራ ዟሪዎቹን ታዘገያለች፤ ቀደም ብለን የጠቀስነው የአጸፋ ትግል ሚዛኑን ስቶ አካሏን ወደ ግራ ያዞረዋል።

«ከፍታ» የሚለውን ቃል ሳንነካ ብናልፍ ግን በዚህ አገር ለሚበር ሰው የሚበጅ ሥራ አልሠራንም። በሰሜን ጎንደር ደጋ ይህ ቃል ሦስት ልዩ ልዩ ቁጥሮችን ይሸከማል። አንዱ ከባሕር ወለል በላይ ያለው ነው። ጎንደር ከተማ 2,100 ሜትር ያህል፣ የራስ ደጀን ጫፍ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ሁለተኛው በዚያች ቅጽበት ከድሮኗ በታች ካለው ምድር የሚለካው ነው። ሦስተኛው ድሮኗ ከተነሣችበት ቦታ የሚለካው ነው፤ በብዙ ድሮኖች ሪሞት ላይ የሚነበበውም ይህ ሦስተኛው ነው። አንድ ሰው በእሜት ጎጎ አፋፍ ላይ ቆሞ ድሮኑን ሃምሳ ሜትር አንሥቶ ወደ ገደሉ ቢልክ ሪሞቱ «ከፍታ 50» ማለቱን ይቀጥላል፤ ከድሮኗ ሥር ግን በመቶዎች ሜትር የሚቆጠር ባዶ አየር አለ። ወደ ተራራው ቢልካት ደግሞ ሪሞቱ 50 እያለ ከአለቱ ጋር ትጋጫለች። ስለዚህ «ከባሕር በላይ ከፍታ»፣ «ከምድር በላይ ከፍታ»፣ «ከመነሻ በላይ ከፍታ» ብሎ ሳያሰልሱ መጻፍ ቃል ማብዛት አይደለም።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሌላ ስሕተት አለ። ግንኙነት ሲቋረጥ ወይም ባትሪው ሊያልቅ ሲል ድሮኗ በራሷ የምትመለስበትን ሥርዓት «ወደ ቤት መመለስ» ብለው የተረጐሙ መመሪያዎች አሉ። ድሮኗ ወደ ማንም ቤት አትሄድም፤ የተነሣችበትን ነጥብ መዝግባ ወደዚያው ትመለሳለች። «ወደ መነሻ መመለስ» ቢባል ተጠቃሚው፣ ከተነሣ በኋላ እርሱ ራሱ ቦታ ቢለውጥ ድሮኗ እርሱን እንደማትፈልግ ወዲያው ይገባዋል።

ከፍታው አየሩንም ይለውጣል። ገበሬው ይህን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብሎ ከሰየመው ዘመን የለውም፤ እርሱ ግን የሰየመው በሙቀቱና በአዝመራው ነው። ለመቅዘፊያ የሚቆጠረው የአየሩ ውፍረት ነው። በመደበኛው ስሌት በባሕር ወለል ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎግራም ይመዝናል፤ በጎንደር ከፍታ ወደ 1 ኪሎግራም፣ ከ4,500 ሜትር ላይ ወደ 0.78 ኪሎግራም ይወርዳል። መቅዘፊያው የሚገፋው አየር በሳሳ መጠን ያንኑ ክብደት ለማንሣት ይበልጥ መፍጠን አለበት፤ በራስ ደጀን ጫፍ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ በሩብ ያህል ፈጥኖ መዞር ይኖርበታል። ኃይሉም በዚያው ልክ ይጨምራል፤ ብርዱም ባትሪውን ያደክማል። መመሪያው ሠላሳ ደቂቃ ይበራል ያለው ድሮን በውርጩ አገር ያን ያህል አለመቆየቱ የዕቃው ጉድለት አይደለም። እዚህ ላይ «አየር» እና «ነፋስ» የሚሉትን ሳያደባልቁ መጻፍ ይገባል፤ የሳሳው አየሩ ነው፤ ነፋሱማ በአፋፉ ላይ ይበረታል።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ስለ ትንሿ ነው። ሁለተኛው ድሮን፣ የደጋው ሰው ሽቅብ እያየ የሚሰጋው፣ የሚበረው በሌላ መንገድ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በሥራ ላይ እንደዋለ በሰፊው የተዘገበው የቱርክ ሥሪት ባይራክታር ቲቢ2 ከጫፍ እስከ ጫፍ 12 ሜትር የሚደርስ ክንፍ፣ ከኋላው አንድ የቤንዚን ሞተርና አንድ መቅዘፊያ አለው። መቅዘፊያው ወደ ፊት ይገፋዋል እንጂ አያነሣውም፤ የሚያነሣው፣ አየሩ በቋሚው ክንፉ ላይና ሥር ሲያልፍ የሚፈጠረው ኃይል ነው። ስለዚህ በአየር ላይ ቆሞ ሊቀር አይችልም። መሮጡን ካቆመ ይወድቃል፤ ለዚህም ነው አንድ ቦታ ለመመልከት የሚዞረው። የሚነሣውም ከመንደርደሪያ ሜዳ ነው። ክብደቱን ክንፉ ስለሚሸከምለት ሞተሩ እምብዛም አይደክምም፤ ትንሿ በግማሽ ሰዓት ባትሪዋን ስትጨርስ እርሱ እስከ 27 ሰዓት ሊቆይ እንደሚችል ሠሪው ያስታውቃል። ከዚያም በላይ ብዙ ኪሎሜትር ርቆ የሚያይ ካሜራና በክንፉ ሥር የሚንጠለጠል ፈንጂ ይይዛል። ሁለቱ ድሮኖች የሚመሳሰሉት አብራሪው በውስጣቸው ባለመቀመጡ ብቻ ነው።

የበጌምድር ሰማይ የበረራ ቃላትን በጦርነት በኩል ሲቀበል ይህ የመጀመሪያው አይደለም። የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነበር። ሰባት ወር ያህል ቆይቶ፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ በወደቁበት የአንቺም ጦርነት፣ አውሮፕላን በመጀመሪያ ወረቀት፣ ከዚያም ቦምብ ጣለ። በዚያ የነበረ ወታደር ይህን ዕቃ ያየው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ስሙን የተማረው ሰው ሲጭንበት ሳይሆን እሳት ሲወርድበት ነው። ያም ሆኖ ቃሉ በዚያው አልቀረም። «ኤሮፕላን»፣ «አይሮፕላን»፣ «አውሮፕላን» እየተባለ ተለዋወጠ፤ የራሳችን «አየር» የተሰማበት ሁሉ የአገር ቃል መሰለው፤ ዛሬ ከጎንደር አዲስ አበባ የሚሄደውን መንገደኛ ቃሉ አያስደነግጠውም። «ተዋጊ»፣ «መንገደኛ»፣ «ጭነት» የሚሉት ቅጥያዎች ስለ ተለመዱ አውሮፕላን ሲባል የትኛው እንደሆነ እንጠይቃለን። ድሮን ገና እዚህ አልደረሰም።

በመንግሥትና በመገናኛ ብዙኃን ጽሑፍ የሚሠራበት «ሰው አልባ አውሮፕላን» የሚለው ሐረግ ችግሩን ይፈታል ብለው የሚያስቡ አሉ። ሰዋስዉ የተስተካከለ፣ «አልባ» በሚለው የግእዝ ቅርስ ያማረ ሐረግ ነው። ዳሩ ግን ሁለት ጉድለት እናይበታለን። ከሁሉ በፊት የጎደለውን ነገር ይናገራል እንጂ የያዘውን አይናገርም፤ ባለ ክንፉንም ባለ አራት መቅዘፊያዋንም ያጠቃልላል። ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላው ነው። «ሰው አልባ ቤት» ስንል ማንም የማይኖርበት ማለታችን ነው። በድሮን ግን አብራሪ አለ፤ ከምድር ሆኖ ያበርራል፤ ካሜራውን ያያል፤ ጣል ሲባል የሚጥል እርሱ ነው። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም ፍኖተ ሰላም ከተማ በደረሰ የድሮን ጥቃት 26 ያህል ሰዎች መገደላቸው ተዘግቧል። እንዲህ ያለውን ድርጊት «በሰው አልባ አውሮፕላን ተመቱ» ብለን ስንጽፍ፣ ግሡ ተገብሮ፣ ስሙ ሰው አልባ ሆኖ፣ ከዐረፍተ ነገሩ ውስጥ አድራጊው ሁለት ጊዜ ይወጣል። ተርጓሚ ዋናው ጽሑፍ ያልሸሸገውን በአማርኛው ሊሸሽግ አይገባውም። «ሰው አልባ» የሚለውን እንተው ማለታችን አይደለም፤ «አብራሪው ከምድር የሚመራው» የሚል ፍቺ ሳይከተለው በመዝገበ ቃላት አይግባ እንላለን።

ታዲያ ሁለቱን በምን እንለያቸው? መጀመሪያ «ባለ መቅዘፊያ» እና «ባለ ክንፍ» ማለት ቀላል መስሎን ነበር። ነገር ግን ባለ ክንፉም ከኋላው መቅዘፊያ አለው፤ የትንሿም መቅዘፊያ ከላይ እንዳልነው የሚዞር ክንፍ ነው። ስለዚህ የሚለያቸው ዕቃው ሳይሆን የሚሠሩት ሥራ ነው፤ አንዷ በአየር ላይ ትቆማለች፣ ሌላው መቆም አይችልም። ለዚህ አማርኛ «አንዣበበ» የሚል የተመቸ ግሥ አለው፤ አሞራ ባለበት ሲረጋ፣ ደመና ካናት በላይ ሲቆም የምንለው ነው። «አንዣባቢ ድሮን» ብንል ትርጉሙ ግልጽ ነው። «አደጋ አንዣበበ» ስለሚባል ቃሉ ክፉ ጥላ አለበት የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ተቃውሞው ሚዛን ያለው ነው። ሆኖም የአሞራው ትርጉም ከአደጋው የቀደመ ስለሆነ፣ ቃሉን ለሠርጓና ለጥምቀቷ ካሜራ ብንሰጠው ጥላው ሊቀልለት ይችላል ብለን እናምናለን። ትጥቅን ግን በዚህ ክፍፍል ውስጥ ማግባት አይገባም፤ ትንሿም ፈንጂ ልትሸከም ትችላለችና መታጠቋ በቅጽል ለብቻው ይነገር።

በዚህ መሠረት ለሚቀጥለው የመዝገበ ቃላት ረቂቅ የሚከተሉትን እናቀርባለን፤ ባለሙያዎችና ተርጓሚዎች፣ በተለይም የጎንደርንና የሰሜንን ገጠር አነጋገር የሚያውቁ፣ እንዲያርሙን እንጠይቃለን።

ድሮን፣ ስ. (ከእንግሊዝኛ)። አብራሪው በውስጡ ሳይቀመጥ ከምድር ሆኖ የሚመራው ወይም አስቀድሞ በሰጠው ትእዛዝ የሚሄድ በራሪ መሣሪያ። ሰው አልባ አውሮፕላንም ይባላል።

አንዣባቢ ድሮን፣ ስ. በሚዞሩ መቅዘፊያዎች ክብደቱን ተሸክሞ በአየር ላይ ባለበት መቆም የሚችል ድሮን፤ ብዙ ጊዜ ባለ አራት መቅዘፊያ።

ባለ ክንፍ ድሮን፣ ስ. በቋሚ ክንፉ የሚነሣ፣ ለመብረር ወደ ፊት መሄድ የግድ የሚሆንበት ድሮን።

የታጠቀ ድሮን፣ ስ. ፈንጂ ወይም ሌላ መሣሪያ የሚሸከምና በአብራሪው ትእዛዝ የሚጥል፣ አንዣባቢም ሆነ ባለ ክንፍ ድሮን።

መቅዘፊያ፣ ስ. (ቀዘፈ)። 1. ታንኳ የሚነዳበት እንጨት። 2. በሞተር እየዞረ አየሩን በመግፋት በራሪ መሣሪያን የሚያነሣ ወይም የሚያስኬድ ክፍል፤ ፕሮፔለር።

ሚዛን ጠባቂ፣ ስ. በድሮን ውስጥ ያለ፣ የመሣሪያውን ዘመምታ እያነበበ የሞተሮቹን ፍጥነት የሚያስተካክል የኮምፒውተር ሰሌዳ።

ኃይል መጣኝ፣ ስ. (መጠነ)። ከባትሪ ወደ ሞተር የሚሄደውን የኤሌክትሪክ ኃይል በትእዛዙ ልክ የሚሰጥ ዕቃ።

ጎንበስ ቀና፤ ማጋደል፤ ዙረት። የበራሪ መሣሪያ ሦስቱ ንቅናቄዎች፤ በፊትና በኋላ፣ በግራና በቀኝ ጎን፣ ባለበት ቆሞ ፊትን በመመለስ።